ጎባ ላይ እንግሊዞቹ አማርኛ ሲናገሩ

ረቡዕ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ አዲስ አበባ

መናኸሪያ ስደርስ ገና አልነጋም። የሮቤው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ፍራሽ፣ የፕላስቲክ ወንበርና በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ቴሌቪዥን ተጭኗል። የእኔ ጭነት አንዲት ሻንጣ ናት፤ ግማሿ ሹራብ፣ ግማሿ መጽሐፍ። ሹራቡ የእኔ ነው፤ መጽሐፎቹ የሌንሳ ናቸው።

ሌንሳ በዩኒቨርሲቲ አንድ መኝታ ክፍል የተጋራን ጓደኛዬ ናት። አሁን ጎባ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ታስተምራለች። ከሁለት ሳምንት በፊት ደወለችልኝ።

«ወደ አሜሪካ ተሻግረው ስለሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ እንግሊዞች ያገኘሽውን ሁሉ ይዘሽልኝ ነይ። ከተማሪዎቼ ጋር ቲያትር እየሠራን ነው።»

«ጎባ ላይ? ስለ እንግሊዝ ሰፋሪ?»

«ጎባ ላይ። ቅዳሜ ይታያል። ደግሞ ቶሎ ነይ፤ ነገር ሳይነሳብኝ አይቀርም።»

ምን ነገር እንደሚነሳ ብጠይቃት አልነገረችኝም። ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ ሰው ደግሞ እንዲህ ተብሎ ቤቱ አይቀመጥም። አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ዘንድ ሄጄ ሦስት መጽሐፍ ለቃቅሜ ይኸው ተሳፍሬአለሁ።

ረቡዕ፣ ከረፋዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ መንገድ ላይ

አዳማን አልፈን አሰላ ስንደርስ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ቁርስ ጨጨብሳ በማር በላን። ከበቆጂ በኋላ መንገዱ ግራና ቀኙ ስንዴ ነው፤ ኅዳር ስለሆነ ከፊሉ ቢጫ፣ ከፊሉ ገና አረንጓዴ። ኮምባይነሮች በየከተማው ዳር ተሰልፈው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ከሹፌሩ ጀርባ ስለተቀመጥኩ መጽሐፌን ሲያይ ቆየ። ጀማል ይባላል፤ የሮቤ ልጅ ነው።

«ምን ላይ ደረሱ?» አለኝ በመስታወቱ እያየኝ።

«ጫማቸውን እየቀቀሉ ነው።»

«እነማን?»

«እንግሊዞች።»

«እንግሊዝ ጫማ በላ?» መኪናውን ሊያቆም ምንም አልቀረው። «ያቺ እንግሊዝ? የኳሷ?»

ያነበብኩትን ነገርኩት። በሦስት መርከብ መጡ። ብዙዎቹ በአገራቸው አካፋ ጨብጠው የማያውቁ የጌታ ልጆች ነበሩ። እርሻውን ትተው ወርቅ ፍለጋ ቆፈሩ። የሰፈሩበት ወንዝ በበጋ ጨው ጨው ስለሚል እሱን እየጠጡ ታመሙ። የበረዶው ወራት ሲገባ ፈረሶቻቸውን አረዱ፤ ከዚያ ውሻ፣ ከዚያ አይጥ፣ ከዚያ ጫማ። በቆሎ ያቀበሏቸው የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ አንዳንዴ በልውውጥ፣ አንዳንዴ በቸርነት፣ አንዳንዴም ተቀምተው።

ጀማል መጽሐፉን በመስታወቱ እያየ ዶዶላ ድረስ ነዳ። ምሳ ልንበላ ስንወርድ ግን፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለኝ። «ያ የአገሩ ሰው ሲያያቸው ምን ያለ ይመስልሻል? 'እነዚህ ሞኞች በበጋ ወርቅ ይቆፍራሉ እንዴ?' አላለም?»

መጽሐፉ እሱን አይነግርም። ሦስቱንም አገላብጬ ነበር፤ የተጻፉት ከመርከቡ ወገን ሆነው ነው።

ዲንሾ ላይ ጉም ወርዶ መኪናው በዝግታ ሄደ። ከጉሙ ውስጥ የደጋ አጋዘኖች ብቅ ብለው በጆሯቸው አዳምጠውን ተመለሱ። ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቶ ጉልበቴን ያዘኝ። ሁለተኛውን ሹራብ አወጣሁ።

ሐሙስ፣ ጠዋት፣ ጎባ

ሌንሳ አልተለወጠችም፤ አሁንም ቶሎ ቶሎ ትራመዳለች፣ አሁንም እየሄደች ታወራለች። ጠዋት ልምምዱን እንዳይ ወሰደችኝ። አዳራሹ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ረጅም ክፍል ነው። በበሩ በኩል የሳነቴ ተራራ ከነጭጋጉ ይታያል።

እንግሊዞቹ መጡ። የአባቶቻቸውን ኮት የለበሱ፣ ከካርቶን የተሠራ ባርኔጣ ያደረጉ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። አንዱ ከመርከቡ እየወረደ እንዲህ አለ፤

«ወገኖቼ ሆይ፣ ይህ ምድር ለም ነው። ወርቁን ፈልጉ፤ እርሻውን ሌላ ያርሰዋል።»

በአማርኛ። ጥርት ባለ አማርኛ።

ቀጥላ ኢክራም የምትባል ተማሪ የበቆሎ እሸት ታቅፋ ከሌላው ጫፍ ገባች። የአገሬው ሴት ናት። ጓደኞቿን ዞር ብላ በአፋን ኦሮሞ፣ «እነዚህ ሰዎች ሊሞቱ ነው» አለቻቸው።

ያኔ ሌንሳ የፈራችው ነገር ገባኝ፤ ሰፋሪው አማርኛ፣ የአገሬው ሰው ኦሮምኛ ነው የሚናገረው። ሌንሳን ዞሬ አየኋት።

«ሌላ ምን ላድርግ?» አለች ገና ሳልናገር። «የማይግባቡ ሰዎች ናቸው፤ ሁለት ቋንቋ ያስፈልገኛል። ከተማው የሚሰማው ደግሞ ሁለት ቋንቋ ነው። ሁለቱንም በእንግሊዝኛ ላሠራቸው? ማን ይረዳል?»

«እውነት ሌላ ምንም አላሰብሽም?»

ሳቀች። «መጀመሪያ ላይ አላሰብኩም። ሁለተኛው ቀን ላይ አሰብኩ። ሦስተኛው ቀን ላይ ተውኩት፤ ልጆቹ ወደዱት።»

ልምምዱ ሳያልቅ ርዕሰ መምህሩ ጠሩን። ደግ ሰው ናቸው፤ ሻይ አስመጡልን። ግን ስልካቸው ሲጮህ ነው የከረመው። አንዱ ወላጅ «አያቶቻችንን ሌባ ልታደርጉ ነው?» ብሏቸዋል፤ ሌላው «እኛን አጉራሽ ብቻ አድርጋችሁ ልታሳዩን ነው?» ብሏቸዋል። ሁለቱም ቲያትሩን አላዩትም።

«መምህርት፣ 'ሰፋሪ' የሚለው ቃል እዚህ አገር ከባድ ነው» አሏት። «እኔ መከልከል አልፈልግም። ግን ከሁለቱም ወገን የሚከበር አንድ አንድ ሽማግሌ አምጪልኝ። 'ሰምተነዋል፣ ይታይ' ብለው ፊት ለፊት ይቀመጡ። አለበለዚያ ቅዳሜ በሩን አልከፍትም።»

ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ፣ እማማ አስካለ ቤት

ሌንሳ አንዷን ወዲያው መረጠች። እማማ አስካለ ጎባ ተወልደው ጎባ ያረጁ፣ ሰማንያን የተሻገሩ ሴት ናቸው። አያቶቻቸው ከሸዋ ከንጉሡ ጦር ጋር መጥተው ጎባ ላይ የሠፈሩ ናቸው። በር ላይ ቆመው እንኳን ደህና መጣችሁ ሲሉን አማርኛውን ከኦሮምኛው ጋር እየቀላቀሉ ነው፤ ጎረቤታቸውን «ነጋያ ቡልቴ?» ብለው ሰላምታውን ሳይጨርሱ እኛን «ግቡ፣ ብርድ አታስገቡ» ይላሉ።

ሌንሳ ቲያትሩን ከመጀመሪያው ጀምራ ተረከችላቸው። እማማ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተው ሰሙ። ከዚያ ጥያቄ አወረዱብን።

«ሚስቶቻቸውን ይዘው ነው የሄዱት?»

«መጀመሪያ የመጡት ወንዶች ብቻ ነበሩ» አልኳቸው። «ሴቶቹ በኋላ ነው የመጡት።»

«በይ! እንዲያ ከሆነ ጫማ መብላታቸው አይገርምም። ዘርስ? ምን ዘር ይዘው ሄዱ?»

«ከአገራቸው ያመጡትን ነው የዘሩት። ብዙም አልያዘላቸውም።»

እዚህ ላይ ፊታቸው ተለወጠ።

«አያቴ እናኑ ከይፋት ቆላ ነው የመጣችው» አሉ። «አዲስ ሙሽራ ነበረች፤ ባሏን ተከትላ በእግሯ። በቀሚሷ ጠርዝ ቋጥራ ጤፍና ማሽላ ይዛ መጣች። እዚህ ዘራችው። ጤፉ ቅጠል አወጣ፤ ውርጭ መጣና በአንድ ሌሊት ጥቁር አደረገው። ማሽላውማ ከመሬትም አልወጣ። ቆላ ያደገች ልጅ ውርጭ ምን እንደሆነ የት ታውቃለች? ጠዋት ተነስታ መሬቱን ስታየው ጨው የተበተነ መስሏት ቀመሰችው።»

«ከዚያስ ምን በሉ?» አለች ሌንሳ።

«የጭነት ጠፍር። የበቅሎዋን መጫኛ ቆራርጠው ቀቀሉት። ወታደሩ ስንቅ አለቀበት፤ ስንቁ የሚመጣበት መንገድ ሩቅ ነው። ሁለት ልጅ በተከታታይ ወልዳ ሁለቱንም እዚህ ቀበረች። ሦስተኛው አባቴ ነው። እሱ የዳነው አንዲት የአገሩ ሴት በቅል በሶ ይዛ ስለመጣች ነው። አይግባቡም። ሴትዮዋ ተራራውን በጣቷ እያሳየች፣ 'ደመናው እዚያ ሲቀመጥ ገብስ ዝሪ' አለቻት። በምልክት። አያቴ እስክትሞት 'ያቺ ሴትዮ' ነው የምትላት፤ ስሟን አታውቅም።»

 ከዚያ ሌንሳን ትክ ብለው አዩዋት።

«ልጄ፣ ቲያትርሽ እዚያ ላይ ነው አይደል የሚያልቀው? ሴትዮዋ ስታበላቸው?»

«አዎ እማማ። አብረው ሲበሉ ያልቃል።»

«እንዲያ ከሆነ እመጣለሁ። ፊት ለፊት አስቀምጪኝ፤ ጆሮዬ ደክሟል።»

ስንወጣ ሌንሳ ደስ ብሏት ክንዴን ጨበጠችው። እኔም ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ዓርብ፣ ረፋድ፣ ሲናና

ሁለተኛው ሰው ሐጂ ከድር ናቸው፤ የኢክራም አያት። ሮቤ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ ሄድን። የሲናና ሜዳ ዓይን እስኪደክም ገብስና ስንዴ ነው። ሐጂ ከጁምዓ ሶላት በፊት ሊያነጋግሩን ቃል ስለገቡ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ማሳቸው ዳር ቆመው ነው የጠበቁን። ሰባ አምስትን ያለፉ፣ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው።

«ኮታ፣ ኮታ» ብለው አስገቡን። ማርቃ ቀረበልን፤ መሐሉ ላይ የቀለጠ ቅቤ ያለበት ትኩስ የገብስ ገንፎ። ሌንሳ እየተረከች፣ ሐጂ እየበሉ ሰሟት። በሳቅ የጀመሩት እሳቸው ናቸው።

«ወርቅ ፍለጋ ቆፈሩ? ወላሂ? እንዲህ ያለ አፈር ላይ ቆመው?»

«አዎ ሐጂ።»

«ከዚያ ልጄ በቆሎ ታበላቸዋለች።»

«አዎ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ... አብረው ይበላሉ። ቲያትሩ ያልቃል።»

ሐጂ እጃቸውን ታጠቡ። ቀስ ብለው ነው የታጠቡት።

«መምህርት፣ አንቺ የታሪክ አስተማሪ ነሽ። ካበላቻቸው በኋላ ሴትዮዋ የት ሄደች?»

ሌንሳ ወደ እኔ ዞረች።

«እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ እዚህ ቆሜአለሁ» አሉ ሐጂ፣ በእጃቸው በሩን እያሳዩ። «ሰዎች ገመድ ይዘው መጡ። አባቴ በገዛ ማሳው ላይ ቆሟል። ለኩ፣ ለኩ፣ ለኩ። ከዚያ 'ከዚህ ወዲያ ያንተ አይደለም' አሉት። ትናንት ያረሰው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ጭሰኛ ሆኖ፣ የራሱን ገብስ ለሰው ተሸክሞ ኖረ። መሬት ላራሹ ሲታወጅ እሱ ሞቷል። እኔ ነኝ የተመለሰልኝ።»

«ሐጂ፣ ይህ ስለ እንግሊዞች ነው» አልኩ። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ አፈርኩበት።

ተቆጥተው አልነበረም ያዩኝ። «እንግሊዞቹ አልለኩም?» አሉኝ። «አንቺ ነሽ መጽሐፉን ያነበብሽው።»

ለክተዋል። ትምባሆ መሸጥ ሲጀምሩ መሬቱ አልበቃቸው አለ፤ አጥር እያጠሩ ወደ ውስጥ ገፉ። መጽሐፉ ጫማውን ሲያወራ ሦስት ምዕራፍ፣ አጥሩን ሲያወራ ግን ሁለት ገጽ ነው። እውነቱን ነገርኳቸው።

«እንግዲያው እሱም ይታይ» አሉ ሐጂ። «ልጄ አጉርሳ ብቻ ከመድረክ አትወርድም። ከታየ እመጣለሁ፤ ፊት ለፊት እቀመጣለሁ። ካልታየ ኢክራምም አትመጣም። አላህ ምስክሬ ነው፣ በክፋት አይደለም።»

ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጎባ

የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ሌንሳ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አዲሱን ትዕይንት ጻፈችው። ግማሽ ሰዓት አልፈጀባትም። እንግሊዞቹ ገመድ ይዘው ይገባሉ፤ ማሳውን ይለካሉ፤ ሴትዮዋ የተረፈላት ቁራጭ ላይ ትቆማለች። ኢክራምን ጠርታ አነበበችላት።

«እኔ እኮ ጠይቄሽ ነበር ቲቸር» አለች ኢክራም። «'ከዚያ ምን እላለሁ?' ብዬሽ 'ከዚያ አብራችሁ ትበላላችሁ' አልሽኝ።»

ኢክራም ከሄደች በኋላ የሚቀረው እማማ አስካለ ነበሩ። በሌላ ፍጻሜ ነው እሺ ያሉት።

«አንነግራቸውም» አልኩ እኔ። «አሮጊት ናቸው። ጆሯቸውም ደክሟል። ምናልባት አይገባቸውም።»

ሌንሳ እርሳሷን አስቀመጠች። «ኦሮምኛው ከእኔ በላይ ይገባቸዋል። ደግሞ አንቺ እሑድ ትሄጃለሽ። እኔ ሰኞ ጠዋት በበራቸው በኩል ነው የማልፈው።»

 ለአንባቢ ብዬ የጻፍኩትን ያህል ለራሴም ብዬ ይህን እዚህ አስቀምጫለሁ፤ ያን ቀን ልክ የነበረችው እሷ ናት።

ቅዳሜ፣ ጠዋት፣ ጎባ

ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ነበር። እማማ አስካለ ፀሐይ ለመሞቅ ደጅ ወጥተው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሌንሳ አጠገባቸው ተንበርክካ ነገረቻቸው፤ አልሸፋፈነችም። ሐጂ የጠየቁትን፣ እሷ የጻፈችውን፣ ገመዱን።

እማማ የምርኩዛቸውን ጫፍ ውርጩ ላይ አስኬዱት። እኔ ተነስተን እንድንሄድ ሌንሳን በዓይኔ ጠቀስኳት።

«ገመዱን ማን ይይዘዋል?» አሉ በመጨረሻ።

«ዮናስ የሚባል ተማሪ ነው።»

«ያውቅበታል?»

«ገመድ መያዝ ነው እማማ፤ ምን አለው?»

«አያውቅበትም እንግዲህ።» ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «አባቴ ቀላድ ጣይ ነበር። ያ በበሶ የዳነው ልጅ። የመንግሥት ሰው ተብሎ፣ መሬት እየዞረ በገመድ የሚለካ። ምሳ ይዤለት እሄድ ነበር፤ አይቻለሁ። ለወዳጅ ሲለካ ገመዱን ይወጥረዋል፤ መሬቱ ይሰፋል። ለባላገሩ 'ይህን ያህል ገመድ ያንተ ነው' ተብሎ ሲለካለት ደግሞ እንዲህ ጉልበቱን አጥፎ ያላላዋል። ገመዱ ይጎብጣል፤ መሬቱ ያጥራል። ቆጠራው ልክ ነው፤ ማንም 'ተበደልኩ' ቢል ማስረጃ የለውም።»

«ለልጆችዎ ነግረዋቸው ያውቃሉ?» አለች ሌንሳ።

«ለማንም። አባቴ እኮ ደግ አባት ነበር። እሱን ምን ብዬ ልንገራቸው?» ተነሱ። «ባጃጅ ጥሪ።»

አዳራሹ ውስጥ ዮናስ ገመዱን እንደ ገብስ ነዶ ተሸክሞት ነበር። እማማ በምርኩዛቸው ክንዱን መታ መታ አደረጉት።

«ዝቅ አድርገው። ጉልበትህን እጠፍ። አዎ። አሁን ደግሞ ፊትህን ወደዚያ አዙር።»

«ለምን እማማ?»

«አባቴ ሲያላላ ፊቱን ያዞር ነበር» አሉት። «ባላገሩን አያየውም።»

ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት

አዳራሹ ሞላ። መቀመጫ ያጡት በመስኮቱ በኩል ቆሙ። ርዕሰ መምህሩ በሩን ከከፈቱ በኋላ ከበሩ አልራቁም። ሐጂ ከድር ከፊት ረድፍ በቀኝ፣ እማማ አስካለ ከፊት ረድፍ በግራ፣ በመካከላቸው አራት ወንበር።

መጀመሪያ ሳቅ ነበር። ባለ ኮቶቹ እንግሊዞች አካፋ ገልብጠው ሲይዙ አዳራሹ ፈነዳ። «ወርቁን ፈልጉ!» ሲባል ከኋላ አንዱ፣ «ገብሱስ?» ብሎ ጮኸ። ረሀቡ ሲመጣ ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ። አንድ ተማሪ ጫማውን አውልቆ አየው፤ እንደገና አየው፤ ድስቱ ውስጥ ጨመረው። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ኢክራም እሸቱን ይዛ ገብታ «ኛዻ፣ ብሉ» ስትላቸው የአዳራሹ ትንፋሽ ሲወርድ ተሰማኝ። ብዙ ሰው ያለቀ መስሎት አጨበጨበ።

ዮናስ በገመዱ ገባ። ጭብጨባው ከኋላ እየቀጠለ ከፊት ቆመ። ሌላው ተማሪ ወዲያኛውን ጫፍ ይዞ ሄደ። ዮናስ ጉልበቱን አጠፈ፤ ገመዱ ጎበጠ፤ ፊቱን አዞረ። ኢክራም እየተገፋች፣ እየተገፋች፣ የመድረኩ ጥግ ላይ ደረሰች። የምትናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ኩን ከን ኤኙቲ?» አለች፣ ባዶውን መሬት እያሳየች። ከዚያ በአማርኛ፣ «ይህ የማን ነው?»

 ወረደች። አለቀ።

የተጨበጨበው ከቆይታ በኋላ ነው፤ የተከፋፈለ፣ እዚህም እዚያም የሚነሳ ጭብጨባ። ሁለት ሰዎች ተነስተው ወጡ። ሐጂ አላጨበጨቡም። ተነሱና አራቱን ወንበር አልፈው እማማ አስካለ ፊት ቆሙ። ሌንሳ ወደ እነሱ ልትሄድ ስትል ያዝኳት።

«አዴ አስካለ» አሉ ሐጂ፣ እናቴ እንደማለት፣ «ያንን ልጅ ፊቱን ማዞር ማን አስተማረው?»

«ለምን ጠየቁኝ?»

«እኛ ማሳ ላይ የመጣው ሰውዬ ፊቱን አዙሮ ነበር። ሰባ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ጀርባውን እንጂ ፊቱን አላውቀውም። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።»

እማማ ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እኔ ነኝ ያስተማርኩት። የአባቴ ነው። ደምሴ ይባላል።»

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያኔ ስሙን ማን ነገረን?» አሉ። «እሱ ይሁን ሌላ ይሁን፣ አላህ ነው የሚያውቀው።»

«ማሳችሁ የት ነው?»

«ሲናና።»

«እዚያ ይሄድ ነበር» አሉ እማማ። ድምፃቸው ቀነሰ። «የት የት እንደሆነ ግን አላውቅም። እኔን የሚያስከትለኝ ቅርብ ሲሆን ነው።»

እማማ ይቅርታ አልጠየቁ፣ ሐጂም ይቅርታ አልሰጡ። ብቻ፣ «ነገ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ይምጡና ማሳውን ይዩት» አሏቸው። «ኢክራም ታመጣዎታለች።»

እሑድ፣ ቀትር፣ ሲናና

ሻንጣዬን ይዤ አብሬአቸው ሄድኩ። የምመለስበት የሻሸመኔው ሚኒባስ ከሮቤ የሚነሳው በሰባት ሰዓት ስለሆነ ጊዜ ያለኝ መስሎኝ ነበር።

እማማ አስካለ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጡ፣ በነጭ ቀሚሳቸው ነው የመጡት። ሐጂ ቤት ግቡ አሏቸው፤ «ቆይቼ» አሉ። መጀመሪያ ማሳውን ማየት ፈለጉ። ገብሱ ወገባቸው ድረስ ይደርሳል። ሐጂ አንዱ ጥግ ላይ ቆመው፣ «ገመዱ ከዚህ ነው የጀመረው» አሏቸው።

እማማ በድንበሩ ላይ መራመድ ጀመሩ።

ቆመን የምናየው መስሎን ነበር እንጂ የምንዞረው አልመሰለንም። መሬቱ ጎርባጣ ነው፤ ምርኩዛቸው ጭቃ ውስጥ ይገባል። ኢክራም ክንዳቸውን ልትይዝ ስትል «ተይኝ» አሏት። ሐጂ አንድ እርምጃ ኋላ ሆነው ተከተሉ። ሌንሳና እኔ ከእሳቸው ኋላ። የሚሰማው ገብሱን የሚያሻሸው ነፋስና የእማማ ትንፋሽ ነው። መንገዱ ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆመው ደረታቸውን ያዙ።

«ይበቃል አዴ» አሉ ሐጂ። «አይተውታል።»

«አልጨረስኩም።»

እንደገና ተራመዱ። ሰዓቴን አየሁት፤ ስድስት ሰዓት ተኩል አልፏል። 

ከብዙ ጊዜ በኋላ ሐጂ፣ «እዚህ ነው» አሉ። ምልክት የለም፤ ገብስ ብቻ ነው። «አባቴን 'ከዚህ ወዲያ ያንተ አይደለም' ያሉት እዚህ ላይ ነው።»

እማማ ቆሙ። እግራቸው ሥር ያለውን መሬት አዩ። ጎንበስ ብለው አልነኩትም፣ አላለቀሱም። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«አሁንስ የት ድረስ ነው የእናንተ?»

ሐጂ በእጃቸው ወደ ፊት አሳዩ። ሩቅ ነው፤ ከገብሱ ማዶ አንድ ያረጀ ኮሶ ብቻውን ቆሟል።

«እስከ ዛፉ።»

እማማ አስካለ ዛፉን በዓይናቸው ለኩት። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ፤ ሐጂ ከድር ክንዳቸውን ሰጧቸው።

«እንግዲያ እስከ ዛፉ እንሂዳ» አሉ።

ሚኒባሱ ያን ቀን ያለ እኔ ሄደ።